ሁለት ስታይልሺት በአንድ ኤክስኤምኤል ላይ፦ እማማን ሁለት ሰው ያደረግኩበት ሐሙስ

ይህን የምጽፈው እኔ ያባከንኩትን ሁለት ሳምንት ሌላ ሰው እንዳያባክን ነው። ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ይጠቅማችኋል። ባትጽፉም አልጀርስ አጠገብ ስለበቀለው የጅማ ቡና ታነባላችሁ።

የምሠራው ጅማ ነው፣ ከገበሬ ማኅበራት ቡና ተረክቦ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት። ስሙ ይቅር። ሥራዬ መረጃ ነው። የመስክ ባለሙያዎቻችን ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ ኮሳና ጌራ እየወረዱ የገበሬውን ማሳ በጂፒኤስ ይለካሉ። ይህ ሥራ የበዛው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ሕግ ካወጣ ወዲህ ነው። ሕጉ ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንዳለ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያ ድንበሩ መለካት አለበት። ከዚያ በታች ለሆነው አንዲት ነጥብ ትበቃለች። የእኛ አካባቢ ገበሬ አብዛኛው አንዲት ነጥብ ነው።

ጂፒኤሱ የሚያወጣው ፋይል ጂፒኤክስ ይባላል። ከፍታችሁ ካያችሁት ኤክስኤምኤል ነው፣ እያንዳንዱን መረጃ ታግ በሚባል መክፈቻና መዝጊያ ስም መሀል የሚያስቀምጥ የጽሑፍ ፋይል። እኔም የአባላቱን ስም፣ ቀበሌና ያስረከቡትን ኪሎ ጨምሬበት አንድ ትልቅ ኤክስኤምኤል ሠራሁ። 1,140 ገበሬ ያለበት። ችግሩ ከዚህ አንድ ፋይል ሁሉም ሰው የራሱን ነገር ይፈልጋል። ሒሳብ ክፍል በኤክሴል የሚከፈት ሰንጠረዥ ይላል። ገዢው ካርታ ይላል። ማኅበራቱ ደግሞ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ዝርዝር ይፈልጋሉ፣ ማን ስንት ኪሎ እንዳስረከበ የሚያሳይ፣ የትርፍ ክፍፍል የሚሰላበት። ሁሉንም በእጄ ስገለብጥ ኖሬ ሲሰለቸኝ ኤክስኤስኤልቲ ጀመርኩ።

ለማታውቁት በአጭሩ፦ ኤክስኤስኤልቲ ማለት ስታይልሺት የሚባል የደንብ ፋይል ጽፈህ ለኤክስኤምኤሉ ትሰጠዋለህ። ደንቡ «ገበሬ የሚል ታግ ስታገኝ ይህን ጻፍ፣ ኪሎ የሚል ስታገኝ ያንን ጻፍ» ይላል። እያንዳንዱ ደንብ ቴምፕሌት ይባላል። የመጀመሪያው እትም፣ 1.0 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው የወጣው። አሮጌ ነው፣ ግን እንደ ጅማ በርጩማ ነው። በሦስት እግሩ ቆሞ ያገለግላል።

ሁለት ስታይልሺት ጻፍኩ። አንዱ ማጽጃ ነው፣ የስም አጻጻፍን አንድ ዓይነት የሚያደርግ። ሁለተኛው ዘርዛሪ ነው፣ በስም ሰብስቦ ኪሎ የሚደምር። ሁለቱን በአንድ ኤክስኤምኤል ላይ ማስኬድ ነው እንግዲህ። ምን ችግር አለው?

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚሁ ነበር። ኤክስኤስኤልቲፕሮክ የሚባለውን ነፃ መሣሪያ ነው የምጠቀመው። ትእዛዙ ላይ ሁለቱን ስታይልሺት ደረደርኩና መጨረሻ ላይ ኤክስኤምኤሉን አስቀመጥኩ። ያወጣልኝ ነገር የተዘበራረቀ ጽሑፍ ነው፣ ግማሹ የራሴ ኮድ ውስጥ ያሉ ቃላት። ግማሽ ቀን ኮዴን ስመረምር ዋልኩ። ለካ መሣሪያው እንደ ስታይልሺት የሚወስደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከእሱ በኋላ የተደረደረውን ሁሉ «የሚለወጥ ኤክስኤምኤል» ብሎ ነው የሚያየው። ስታይልሺትም ራሱ ኤክስኤምኤል ስለሆነ አልተቃወመም። ሁለተኛውን ስታይልሺቴን በመጀመሪያው ቀቀለልኝ!

ሁለተኛው ኔምስፔስ ነው። ይህ የሁሉም ሰው ጣጣ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ከጂፒኤክሱ ነጥቦቹን ለማውጣት ደንብ ጻፍኩ። ስሙ ትክክል፣ ፊደሉ ትክክል። አስኬድኩት። ስክሪኔ ላይ የወረደው ግን ይህ ብቻ ነው፦ 1742.6፣ ከታቹ 1743.1፣ ከታቹ 1741.9። እንዲህ እያለ እስከ ታች። አንድም ታግ የለም። የማሳዎቹ ከፍታ ብቻ ከነባዶ መስመሩ ተዘርግፏል።

ኤክስኤስኤልቲ የሚስማማ ደንብ ሲያጣ ዝም አይልም። አብሮት የተወለደ ደንብ አለው፣ ታጉን ጥሎ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ የሚያሳልፍ። ስለዚህ ታግ የሌለው የጽሑፍ ክምር ካያችሁ ተርጉሙት፤ መሣሪያው የሚላችሁ «ደንብህ አንድም ቦታ አልገጠመም» ነው። የኔ ያልገጠመው ጂፒኤክሱ አናቱ ላይ ኔምስፔስ ስላወጀ ነው። ኔምስፔስ እንደ አባት ስም ነው። እኔ ልጁን በራሱ ስም ብቻ ስጠራው ነበር፣ እሱ ደግሞ ካላባቱ ስም አይዞርም። መፍትሔው ያንኑ ኔምስፔስ ስታይልሺቱ ላይ በአጭር ቅጥያ አውጆ በየደንቡ ከፊት ማስቀደም ነው። እኔ አሁን የማደርገው የባሰ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ስታይልሺት ኔምስፔሱን አውልቆ ያስተላልፋል፣ ተከታዮቹ ነገሩን አያውቁትም፣ አይጨነቁም።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት።

ትእዛዙ ላይ መደርደር አልሆን ሲለኝ ኢምፖርት የሚባል ነገር እንዳለ አነበብኩ። አንድ ስታይልሺት ሌላውን ወደ ራሱ ማስገባት ይችላል። ደስ አለኝ። ሦስተኛ ፋይል ከፈትኩና ማጽጃውንም ዘርዛሪውንም አስገባሁበት፣ ማጽጃውን አስቀድሜ። በኔ ሒሳብ መጀመሪያ ያጸዳል፣ ቀጥሎ ይዘረዝራል። አስኬድኩት። አንድም ስህተት አላለም። ቆንጆ ሠንጠረዥ ወጣ። አተምኩና ላክሁት። የማና ማኅበር ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

ሐሙስ ዕለት ነው። ሐሙስ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ነው፣ ከየወረዳው ሰው ይጎርፋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ አንዲት እናት ዕቃቸውን ተሸክመው ቢሮዬ ድረስ መጡ። በስልክ ፎቶ የተነሳ ዝርዝር በልጃቸው አስይዘዋል።

«ልጄ፣ እኔ ሁለት ሆኛለሁ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ምነው እማማ?»

ልጅየው ስልኩን አቀበለኝ። አንድ ቦታ «ዘሃራ» ተብሎ 412 ኪሎ። ሠላሳ መስመር ያህል ወርዶ «ዘሐራ» ተብሎ 275 ኪሎ። የአባት ስም አንድ፣ የአያት ስም አንድ፣ ቀበሌ አንድ። (ስማቸውን ቀይሬዋለሁ።) ሁለቱ መረከቢያ ጣቢያዎች ላይ ሁለት የተለያዩ ልጆች ነበሩ የሚመዘግቡት፣ አንዱ በሃሌታው ሃ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ። ለእኔና ለእናንተ አንድ ድምፅ ነው። ለኮምፒውተር ግን አንበሳና ድመት ናቸው።

እማማ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ክፍያው ለአንዷ ብቻ እንዳይመጣ ብዬ ነው» ብለው ወደ ገበያቸው ሄዱ። ላቤ ጠብ አለ። ማጽጃውን የጻፍኩት ለዚሁ አልነበረም እንዴ? ፋይሉን በዓይኔ ስቆጥር እንደ እሳቸው ሁለት የሆኑ ሌሎችም ሞልተዋል።

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ላፕቶፔን ይዤ መጋዘን ወረድኩ፣ ቢያንስ እዚያ ቡና ይፈላል። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሼ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ የፈጁ ሰው። ምን ሆነህ ነው ሲሉኝ ነገርኳቸው። ኮምፒውተር ነክ ነገር አይገባቸውም ብዬ እንደ ቀልድ ነበር የነገርኳቸው። አንዱ የሚያጸዳ፣ አንዱ የሚዘረዝር፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረግኳቸው ግን የጸዳው ወደ ዘርዛሪው አልሄደም አልኩ።

ጋሼ ፍንጃሉን አስቀመጡ። «እሸት ቡና መጀመሪያ ይፈለፈላል። ከዚያ ገንዳ ይገባል። ታጥቦ አልጋ ላይ ይወጣል። አንተ መፈልፈያውንና አልጋውን አንድ ግቢ ውስጥ አስቀመጥካቸው። ቡናውን ከአንዱ ወደ አንዱ ማን ተሸከመው?»

ማንም።

ኢምፖርት ማለት ያ ግቢ ነው። ሁለት ስታይልሺት ስታስገቡ ደንቦቻቸው አንድ ክምር ውስጥ ይቀላቀላሉ እንጂ በየተራ አይሠሩም። ለእያንዳንዱ ታግ የሚሠራለት አንድ ደንብ ብቻ ነው። ሁለት ደንብ ከተፎካከረበት በመጨረሻ የገባው ፋይል ያሸንፋል። የኔ ዘርዛሪ በኋላ ስለገባ አሸነፈ፣ ማጽጃዬ ከዳር ቆሞ ያይ ነበር። ስህተት ያላለውም ለዚህ ነው። እንደ ሕጉ ምንም ስህተት አልነበረማ! ኢንክሉድ የሚባለውም ወንድሙ ነው። እሱ ደግሞ ማንንም ከማንም አያስበልጥም፣ ሁለቱ ከተጋጩ መሣሪያው ወይ ይጮሃል ወይ በመጨረሻ የተጻፈውን ይወስዳል።

ስለዚህ አንድ ሰነድ ላይ ብዙ ስታይልሺት ማስኬድ ስትፈልጉ ኪቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። ሁለተኛው ስታይልሺት ማየት ያለበት ዋናውን ፋይል ነው ወይስ የመጀመሪያው ያወጣውን? ካርታውና የሒሳብ ሰንጠረዡ እርስ በርስ አይፈላለጉም፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከአንዱ ፋይል ይቀዳሉ። ማጽዳትና መዘርዘር ግን ቅብብል ነው። እኔ ሁለቱን አንድ ነገር አድርጌያቸው ነው ጉድ የፈላው።

ቅብብሉን የምሠራው አሁን በጣም ተራ በሆነ መንገድ ነው። የመጀመሪያውን አስኬዳለሁ፣ ውጤቱን «1» ብዬ ፋይል ላይ አስቀምጣለሁ። ሁለተኛውን በ«1» ላይ አስኬዳለሁ፣ «2» ይወጣል። አዋቂዎች ሁለቱን ትእዛዝ በቋሚ መስመር | ያገናኙና ለሁለተኛው በፋይል ስም ፋንታ ሰረዝ - ይሰጡታል፣ ያኔ መሀል ላይ ፋይል ሳይፈጠር ያልፋል። ደስ ይላል፣ ግን መጀመሪያ ላይ አትጠቀሙበት። መሀል ያለውን ፋይል ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩት። ያን አይቼ ቢሆን ኖሮ እማማ ባልመጡ።

መሀል ላይ ያለውን ስትከፍቱ ሁለት ነገር ሊያስደነግጣችሁ ይችላል።

አንደኛው፣ የመጀመሪያው ስታይልሺት ውጤቱን በኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ በሚጻፍበት) ዓይነት እንዲያወጣ አድርጋችሁ ከሆነ ሁለተኛው አልቀበልም ይላል። እኔን «የመክፈቻና የመዝጊያ ታግ አይገጥምም፣ ሜታ» አለኝ። ሜታ የሚል ታግ የትም አልጻፍኩም! የኤችቲኤምኤል አወጣጥ ግን ራሱ ሜታ ይጨምራል፣ አይዘጋውም፤ ለብራውዘር አይከብድም፣ ለኤክስኤምኤል አንባቢ ግን ክልክል ነው። በቅብብሉ መሀል ያለው ሁሉ ኤክስኤምኤል አውጪ ይሁን። ኤችቲኤምኤል የሚያወጣው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ከሌላ ሰው የቀዳሁት ስታይልሺት ላይ የላቲን ብቻ የሆነ የፊደል ኢንኮዲንግ (ፊደል ፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት ደንብ) ተጽፎ ነበር። ውጤቱን ስከፍት «ጅማ» መሆን የነበረበት ጅማ ሆኖ አገኘሁት። ፋይሉ ሁሉ እንዲህ። ተበላሸ ብዬ ልሰርዘው ነበር። አልተበላሸም። ፊደሉ ለማይገባበት ኢንኮዲንግ መሣሪያው ቁጥሩን ጽፎለት ነው፣ ቀጣዩ አንባቢ መልሶ ጅማ ያደርገዋል። ቢሆንም በየስታይልሺታችሁ አወጣጥ ላይ ዩቲኤፍ 8 (የእኛንም ፊደል የሚይዘውን) ብላችሁ ጻፉና ተገላገሉ።

አማርኛ ለምትጽፉ ደግሞ ስለ ማጽጃዋ። ኤክስኤስኤልቲ ውስጥ ትራንስሌት የሚባል ተግባር አለ። ሊለወጡ የሚገባቸውን ፊደሎች በአንድ ረድፍ፣ የሚተኳቸውን በሌላ ረድፍ ትሰጡታላችሁ፣ በቦታ በቦታቸው ይተካል። ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሁሉ ሀ ይሁኑ። ሠ ሰ ይሁን፣ ዐ አ ይሁን፣ ፀ ጸ ይሁን፣ ሌሎቹም ዘሮቻቸው እንደዚያው። ሁለተኛው ረድፍ ካጠረ ግን የተረፉትን ፊደሎች ይሰርዛቸዋል። እኔ መጨረሻ ላይ አንዷን ረሳሁና ፀጋዬ የተባለ ሁሉ «ጋዬ» ሆኖ ወጣ። ደግሞ የሰውን ስም አትለውጡ። ባንክ ደብተሩ ላይ በሐመሩ ሐ ከሆነ ዝርዝሩም ላይ እንደዚያው ይቆይ። የተስተካከለውን አጻጻፍ ከጎኑ በአትሪቢዩት (ታጉ ውስጥ በሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) አስቀምጡና ለመሰብሰብ ብቻ ተጠቀሙበት። ስም ብቻም አይበቃም፣ ማና ውስጥ ስንት ዘሃራ አለ! እኔ እስከ አያት ስምና ቀበሌ ድረስ አያይዤ ነው የሰበሰብኩት፣ የአባል ቁጥር እስኪሟላልን ድረስ።

ሁሉንም በአንድ ፋይል ውስጥ ማድረግ ለምትፈልጉም ይቻላል። የመጀመሪያውን ዙር ውጤት ቫሪያብል በሚባል ጊዜያዊ ማስቀመጫ ውስጥ ታስቀምጡና ሁለተኛውን ዙር በቫሪያብሉ ላይ ታስኬዳላችሁ። የሁለቱ ዙር ደንቦች እንዳይጋጩ ለእያንዳንዱ ዙር ሞድ የሚባል መለያ ስም ትሰጡታላችሁ። ግን የ1.0 እትም ቫሪያብሉን መልሳችሁ ልትገቡበት ስትሉ በር ይዘጋል፣ ኖድሴት በሚባል ተጨማሪ ተግባር ነው የሚከፈተው። ኤክስኤስኤልቲፕሮክ 1.0 ብቻ ነው የሚያውቀው። ከ2.0 ጀምሮ ይህ ጣጣ ቀርቷል፣ በስም መሰብሰብም በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። ለዚያ ሳክሰን የሚባለውን መሣሪያ አውርዱ፣ ነፃ እትም አለው።

ኢምፖርትን ግን አልጣልኩትም። አሁን በትክክለኛ ቦታው ነው ያለው። ለሁሉም ማኅበራት የጋራ የሆነ አንድ መሠረታዊ ዝርዝር አለኝ። የጌራዎቹ ሄክታሩም ይጻፍልን ሲሉ ትንሽ ፋይል ከፍቼ መሠረታዊውን አስገባሁና የአንዱን ረድፍ ደንብ ብቻ በላዩ ላይ ጻፍኩ። አስገቢው ሁልጊዜ ከገባው ይበልጣል። ኢምፖርቱ ግን ከምንም ነገር በፊት፣ የፋይሉ አናት ላይ መቀመጥ አለበት።

አልጀርስን አልረሳሁም። እውነቱን ለመናገር አልጀርስ ሳትሆን ከእሷ በስተምሥራቅ ያለችው አናባ ናት። ለገዢው የሠራሁት ካርታ ኬኤምኤል በሚባል ዓይነት ነው፣ እሱም ኤክስኤምኤል። ጂፒኤክስ ላቲቲዩዱን አስቀድሞ ይጽፋል። ኬኤምኤል የሚፈልገው ሎንጊቲዩዱን አስቀድሞ ነው። እኔ እንዳለ ገለበጥኩት። ጅማ በ7 ተኩል ሰሜንና በ37 ምሥራቅ ግድም ናት። ሲገለበጥ ሜዲትራኒያን ዳር ትወጣለች። የጎማ ቡና በሙሉ አልጄሪያ በቀለ። ደግነቱ ገዢው ጋ ሳይደርስ አየሁት። ኮድ ከማመናችሁ በፊት አንድ የምታውቁትን ማሳ ካርታው ላይ ፈልጉ።

ስታይልሺቱን ከኤክስኤምኤሉ ጋር አያይዛችሁ ብራውዘር እንዲያሳየው የምታደርጉ ካላችሁ ደግሞ ተዉት። ሁለት ስታይልሺት ብታያይዙም አይቀባበልም። ፋይሉ ከኮምፒውተራችሁ ዲስክ ላይ በቀጥታ ሲከፈት ክሮም ስታይልሺቱን አይጭነውም። ከዚህ በላይ ደግሞ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2025 ኤክስኤስኤልቲን ከክሮም ሊያወጣው ማቀዱን አሳውቋል። ለውጡን እናንተ ቤት ጨርሱትና ለሰው የተጠናቀቀውን ገጽ ስጡ።

አዲሱ ዝርዝር በሚቀጥለው ሳምንት ተለጠፈ። እማማ ሐሙስ እንደገና መጡ፣ በዚህኛው ጊዜ ጎመን ይዘውልኝ። ልጃቸው ስልኩን አሳየኝ። አንድ ስም፣ 687 ኪሎ።

«ያቺኛዋስ የት ሄደች?» አሉ።